ኮርዱን አውቃለሁ፣ ዘፈኑ ግን ይቆምብኛል

ጥያቄ፦ «ጊታር ገዝቼ በቪዲዮ እየታገዝኩ ብቻዬን መለማመድ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። ስምንት ያህል ኮርዶችን አውቃለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሸጋገር ግን ዘፈኑ ይቆምብኛል። ጣቶቼ አጫጭር ናቸው፤ ጫፋቸውም ያመኛል። ኤፍ የሚባለውን ኮርድ አንድም ቀን አጥርቼ አሰምቼ አላውቅም። ዕድሜዬ 34 ነው። ያለ አስተማሪ መቀጠል ይቻላል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?»

ምላሽ፦ ይቻላል፤ ጊዜዎንም አላባከኑም። በአራት ወር ስምንት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ይዞ ሽግግር ላይ መቆም፣ ጊታርን ብቻውን የሚማር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደርስበት ደረጃ ነው። ብዙዎች መሣሪያውን ጥግ አስይዘው የሚተዉትም እዚሁ ላይ ስለሆነ፣ ጥያቄውን አሁን ማንሳትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ክላሲካል ጊታርን በታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች ያስከበረው ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስም ኖታ ማንበብ ሳይችል ነው የኤሌክትሪክ ጊታርን አጨዋወት የለወጠው። መንገዱ ክፍት ነው፤ ነገር ግን የራሱ አካሄድ አለው።

በጥያቄዎ ውስጥ «ስምንት ያህል ኮርዶችን አውቃለሁ» የሚለው ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ኮርድ ማወቅ ማለት ጣቶች የት የት እንደሚያርፉ ማወቅ ከሆነ በእርግጥ ያውቋቸዋል። ዘፈን ውስጥ ግን ኮርድ ብቻውን አይመጣም፤ ከሌላ ኮርድ ተነሥቶ ይመጣል፣ ወደ ሌላ ኮርድም ይሄዳል። አብዛኞቹ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ጣቶቹ ካረፉ በኋላ ያለውን ቅርጽ ነው። በሁለቱ ቅርጾች መካከል የትኛው ጣት ቀድሞ እንደሚነሣ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጨርሶ መነሣት እንደማያስፈልገው በዝግታ የሚያሳዩት ጥቂት ናቸው። እርስዎ እስካሁን ሲለማመዱ የቆዩት ኮርዶቹን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የልምምድዎ ዋና ጉዳይ በኮርዶቹ መካከል ያለው ጉዞ ይሁን።

በተግባር እንየው። ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምሬ ነው የምቆጥረው፤ ስድስተኛው ወፍራሙ ነው። ፍሬት የምለው ደግሞ በጊታሩ አንገት ላይ በተደረደሩት ብረቶች መካከል ያለውን እያንዳንዱን ክፍል ነው። ኤ ማይነርን ይያዙ፦ ሌባ ጣት በሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት፣ የመሐል ጣት በአራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት። አሁን ወደ ሲ ሜጀር ይሂዱ። አብዛኛው ጀማሪ ሦስቱንም ጣቶች ያነሣና አየር ላይ አስተካክሎ አንድ በአንድ ያሳርፋቸዋል፤ ዘፈኑ የሚቆመውም በዚህች ቅጽበት ነው። የሚያስፈልገው ግን የቀለበት ጣት ብቻ ተነሥቶ ወደ አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት እንዲሄድ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ሦስት ጣት የማንቀሳቀስ ሥራ ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዝምድና በብዙ ኮርዶች መካከል አለ። ከኤ ማይነር ወደ ኢ ሜጀር ሲሄዱ የሦስቱ ጣቶች ቅርጽ አይለወጥም፤ ቅርጹ እንዳለ በአንድ ክር ወደ ወፍራሞቹ ይጠጋል። ከዲ ሜጀር ወደ ጂ ሜጀር ሲሄዱ፣ ጂን በአራት ጣት ከያዙት፣ በሁለተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው የቀለበት ጣት አይነሣም፤ ሌሎቹ ጣቶች እሱን ተደግፈው ይዞራሉ። ስለዚህ አዲስ ሽግግር ሲገጥምዎ መጀመሪያ ጊታሩን ሳይመቱ ሁለቱን ቅርጾች አስተያይተው ይመልከቱ። የሚቆይ ጣት አለ? ከዚያው ክር ሳይለቅ ተንሸራትቶ የሚደርስ ጣት አለ? ሁለቱም ከሌሉ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው የትኛው ነው? ያ ጣት መሪ ይሁንና ቀድሞ ይነሣ። ይህን ሳይመረምሩ መቶ ጊዜ መደጋገም የተሳሳተውን እንቅስቃሴ ያጠናክረዋል።

መንገዱን ካወቁ በኋላ ፍጥነቱን በሰዓት ይለኩት። አንድ ጥንድ ኮርድ ብቻ ይምረጡ፣ ስልክዎን ለአንድ ደቂቃ ይሙሉና ስንት ጊዜ እንደተሸጋገሩ ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ኮርድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ክሮቹ በሙሉ ባይጠሩም ቆጠራው ይቀጥላል። ግቡ ምን ያህል እንደሆነ በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። በደቂቃ 80 ምት የሚሄድ፣ በእያንዳንዱ አራት ምት አንድ ኮርድ የሚለወጥበት ዘፈን በደቂቃ የሚጠይቀው 20 ሽግግር ነው። በልምምድ ጊዜ 30 ከደረሱ ለዘፈኑ የሚተርፍ አቅም አለዎት ማለት ነው። ዛሬ 11 ቢሆን አይደንግጡ፤ ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉት። ይህ ቁጥር ብቻውን ለሚማር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ በየቀኑ ለራስ የማይታይ ለውጥ በወረቀት ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ዘፈን የሚያቆመው ግን ሁልጊዜ ግራ እጅ አይደለም። ግራ እጅ ሲዘገይ ቀኝ እጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አድማጩ ስብራቱን የሚሰማውም ከቀኝ እጅ ነው። (ግራኝ ከሆኑና ጊታሩን አዙረው ከያዙ እጆቹን ገልብጠው ያንብቡልኝ።) ሥርዓቱ መለወጥ አለበት፦ ቀኝ እጅ ማንንም አይጠብቅም። ሜትሮኖምን (ምት የሚቆጥር መሣሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው እጅዎን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ክሮቹን ይግረፉ፤ ግራ እጅ ካልደረሰ ባዶዎቹ ክሮች ይሰሙ እንጂ ምቱ አይቋረጥ። ይህ ለጀማሪ የተፈቀደ ማጭበርበር እንዳይመስልዎ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሲገርፉ በጥንቃቄ ያዳምጡ፤ ኮርድ ከመለወጡ በፊት ባለችው የመጨረሻ ግማሽ ምት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ባዶ ክር ነው። ግራ እጅ በዚያች ግማሽ ምት ውስጥ በጉዞ ላይ ነው። ጆሮ ምቱን እስከተከተለ ድረስ ይህን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ ምት ሲጎድል ግን ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ማጣት ግድ ከሆነ የኮርዱን ጥራት ይጡ፤ ምቱን አይጡ። 60 ከፈጠነብዎት 50 ያድርጉት። ዝግታ አያሳፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አስተማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ብቻዎን ሆነው ለማግኘት የሚከብደው መረጃ አይደለም፤ መረጃ ሞልቷል። የሚከብደው ከውጭ ሆኖ የሚሰማዎት ጆሮ ነው። ሰው ጊታር ሲማር አእምሮው በጣቶቹ ተይዟል፤ ጣቱ ትክክለኛ ቦታ ካረፈ ድምፁም ትክክል የወጣ ይመስለዋል። አስተማሪ ግን ጣት የመቆጣጠር ጭንቀት ስለሌለበት ሦስተኛው ክር እንደታፈነ፣ ከዲ ወደ ጂ በተሸጋገሩ ቁጥር ምቱ እንደሚፋጠን ይሰማዋል። ይህንን ጆሮ ከራስዎ ማውጣት ይችላሉ፤ መሣሪያውም ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ይቅረጹ። ወዲያው አያድምጡት፤ በማግስቱ ጊታሩን ሳይዙ ያድምጡት። የመጀመሪያው ቅጂ እንደሚያሳዝንዎ ልንገርዎት፤ ማንም ራሱን ሲሰማ እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጥፋት ለመልቀም አይሞክሩ። አንዴ ምቱን ብቻ ያድምጡ፤ በእግርዎ መሬቱን እየመቱ ይከተሉት፣ የት ላይ እንደተዛነፈ ይያዙ። ሌላ ጊዜ የክሮቹን ጥራት ብቻ። ከዚያ አንድ ጥፋት ብቻ ይምረጡና ለሚቀጥለው የልምምድ ቀን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፦ «ከሲ ወደ ጂ ስሄድ አንደኛው ክር አይሰማም» የሚል ያህል። በማግስቱ ጊታሩን ሲያነሡ ከምን እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። እኔ ብቻቸውን ተምረው ሩቅ የሄዱትን ቀድመው ከቆሙት የሚለያቸው ይህ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተሰጥኦ የሚባለውን ከዚህ በኋላ ነው የማስቀምጠው።

ጆሮን ለማሠልጠን ሌላው ጥሩ ሰበብ መቃኘት ነው። የስልክ መቃኛ ይጠቀሙ፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ያልተቃኘ ጊታር ላይ የሚደረግ ልምምድ ጆሮን ስለሚያበላሽ ሳይቃኙ አንዲት ኮርድ እንኳን አይምቱ። ነገር ግን በመቃኛው አምስተኛውን ክር ካስተካከሉ በኋላ የቀሩትን አንዳንዴ በጆሮዎ ይሞክሩ። ስድስተኛውን ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ሲጫኑ የሚወጣው ድምፅ ባዶው አምስተኛ ክር የሚሰጠው ድምፅ ነው። አምስተኛውን ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ሲጫኑ የአራተኛውን፣ አራተኛውን ሲጫኑ የሦስተኛውን ያገኛሉ። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲሄዱ ብቻ አራተኛ ፍሬት ላይ ይጫናሉ፤ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ደግሞ እንደገና አምስተኛ።

ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ አሰምተው ዝም ብለው ያድምጡ። ተቀራርበው ግን ካልተገጣጠሙ ድምፁ ይርገበገባል፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ባዶው አምስተኛ ክር በሰከንድ 110 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው በ112 ከተንቀጠቀጠ በልዩነታቸው ልክ በሰከንድ ሁለት ጊዜ መርገብገብ ይሰማል። የመቃኛ ቁልፉን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ መርገብገቡ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ በመጨረሻም ይጠፋና ሁለቱ ክሮች እንደ አንድ ይሆናሉ። ይህን አንድ ጊዜ ከሰሙ በኋላ ጆሮዎ የተዛባ ኮርድ ዝም ብሎ አያሳልፍም።

ስለ ጣቶችዎ። የጣት ማጠር እንቅፋት የሚሆነው ከሚታሰበው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው። ጃንጎ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ የግራ እጁ የቀለበትና የትንሿ ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆኑ ሊባል በሚችል ደረጃ ተጎዱ፤ እሱ ግን ፈጣን ዜማዎቹን በሁለት ጣቶች እየተጫወተ ከዘመኑ ታላላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። የእርስዎ ጣቶች አጭር ይሁኑ እንጂ ሙሉ ናቸው። ችግሩ የእጁ አቀማመጥ ላይ ሊሆን ይችላል፦ አውራ ጣት ከአንገቱ በላይ ወጥቶ ከታጠፈ ሌሎቹ ጣቶች ያጥራሉ። አውራ ጣትን በአንገቱ ጀርባ መሐል አካባቢ፣ ከመሐል ጣት ትይዩ ያሳርፉት፤ መዳፍዎ ከአንገቱ ይራቅ። ጣቶቹ ወዲያው ሲረዝሙ ያዩአቸዋል።

ከዚያ ይህን ሙከራ ያድርጉ። በሦስተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ አንድ ጣት በጣም በስሱ ያሳርፉና ክሩን ደጋግመው ይምቱ። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ይሰማሉ። ጫናውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ድምፁ መንዘርዘር ይጀምራል፣ ከዚያ በድንገት ይጠራል። እዚያ ላይ ያቁሙ። ያ ነው የሚያስፈልገው ኃይል። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ሁሉ ጣትን የሚያሳምም እንጂ ለድምፁ የሚፈይደው የለም፤ ጭራሽ ክሩን አጥብቆ ከቅኝት ያወጣዋል። አሁን ጣትዎን ከብረቱ አርቀው ወደ ፍሬቱ መሐል ይውሰዱና ሙከራውን ይድገሙት፤ ይበልጥ መጫን ግድ ይሆንብዎታል። የክሩን ርዝመት የሚወስነው የፍሬቱ ብረት እንጂ ጣት ስላልሆነ፣ ጣት ብረቱ ላይ ሳይወጣ ከአጠገቡ ሲያርፍ ሥራው ይቀላል። የብዙ ጀማሪዎች ሕመም ግማሹ በዚህች ትንሽ ርቀት ይቀንሳል።

የጣት ጫፍ ሕመም ጊዜያዊ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ቆዳው ይጠነክራል። በቀን 20 ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል፤ ቆዳውም ጣቱም አእምሮውም በዚህ መንገድ ነው የሚለምዱት። የእጅ አንጓ ወይም የክንድ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ ከመጣ ግን ፈጽሞ «ይለምዳል» ብለው አይለፉት። ያቁሙ፣ ይረፉ፣ አንጓዎ ከመጠን በላይ ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተሻለ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ኤፍን በተመለከተ፣ በራስዎ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ጊታሩን ይመርምሩ። ከመቃኛ ቁልፎቹ ሥር ክሮቹ በየጥርሱ የሚያልፉበት ትንሽ ቁራጭ ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነ አንደኛ ፍሬት ላይ ክሮቹን መጫን ለማንም ሰው ከባድ ነው። እያንዳንዱን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ተጭነው ክሩ ከአንደኛው ፍሬት ብረት በላይ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመልከቱ፤ የፀጉር ያህል ክፍተት በቂ ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ ወደ ጊታር ጠጋኝ ይውሰዱት። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይም በማስመሪያ ይለኩ፦ በብረት ክር ጊታር ወፍራሙ ክር ከብረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ፣ በናይለን ክር ጊታር ደግሞ ከአራት ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ፣ ጣትዎ ያለ ጥፋቱ እየተቀጣ ነው። ክሩን ለስለስ ባለ ቀጭን ክር መለወጥም ይረዳል። በናይለን ጊታር ላይ ግን የብረት ክር በጭራሽ አይግጠሙ፤ ናይለኖቹ ስድስቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ሲስቡ የብረቶቹ 70 ገደማ ይስባሉ፤ ሣጥኑ ሊሰነጠቅ፣ ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የታሰሩበት ድልድይ ሊነቀል ይችላል።

ጊታሩ ደህና ከሆነ ኤፍን በትንሹ ይጀምሩት። ሲ ሜጀርን ይያዙ፤ የቀለበት ጣት ከአምስተኛው ወደ አራተኛው ክር፣ የመሐል ጣት ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ክር፣ ሁለቱም በያዙት ፍሬት ላይ እንዳሉ ይሻገሩ። ሌባ ጣት ካለበት ሳይነሣ ይተኛና አንደኛውንም ክር ይያዝ። አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይምቱ፤ ይህ ሙሉ መብት ያለው ኤፍ ነው፣ በብዙ ዘፈኖችም ይበቃል።

ሙሉውን ኤፍ ደግሞ አንደኛ ፍሬት ላይ አይማሩት። 650 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ባለው ጊታር አንደኛው ፍሬት 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሰፋ አምስተኛው 29 ገደማ ነው፤ ክሮቹም እዚያ ይለሰልሳሉ። ያንኑ ቅርጽ አምስተኛ ፍሬት ላይ ይያዙት፤ ኤ ሜጀር ይሆንልዎታል። ሲጠራ ወደ አራተኛ፣ ወደ ሦስተኛ እያሉ በሳምንታት ውስጥ ይውረዱ። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፦ በዚህ ቅርጽ ሌባ ጣት ስድስቱንም ክሮች ይጋርዳል እንጂ በራሱ እንዲያሰማ የሚጠበቀው ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ብቻ ነው። ሦስቱን የመሐል ክሮች ሌሎቹ ጣቶች ይዘዋቸዋል። ስለዚህ መላ ጣትዎን እኩል ለመጫን አይታገሉ፤ ጣቱን ትንሽ ወደ ጎኑ አዘንብለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ያተኩሩ፣ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ጠጋ ያድርጉ። የአውራ ጣት ጡንቻ ከዛለ የሚጎትተው የክንድ ክብደት ይሁን።

ቪዲዮን በሚመለከት አጭር ምክር አለኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ የተዘጋጀ አንድ ትምህርት ይምረጡና ሌሎቹን ለጊዜው ይተዉ። ከአሥር ሰው አሥር ነገር መቃረም የዕውቀት ስሜት ይሰጣል፣ እጅን ግን አያሠለጥንም። ከጎኑ የሚወዱት አንድ ዘፈን ይኑርዎት፤ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ኮርድ፣ ዝግ ያለ። ሽግግሩን ለዚያ ዘፈን ብለው ሲለማመዱት ትርጉም ያገኛል። 34 ዓመት ለዚህ ሁሉ ምንም አያግድም፤ አዋቂ ሰው ለምን እንደሚለማመድ ስለሚያውቅ ጊዜውን በቁም ነገር ይጠቀምበታል።

አስተማሪን ጨርሰው ይሰናበቱ አልልም። በየሳምንቱ ባይሆን እንኳ በጥቂት ወራት አንዴ ልምድ ያለው ተጫዋች አጠገብ መቀመጥ ቢችሉ ይጠቅማል፤ በተለይ ለግራ እጅ አንጓና ለትከሻ አቀማመጥ፣ እነዚህን ቅጂ አያሳይምና። ሲሄዱ «አስተምሩኝ» ብለው ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ያልተሳካልዎትን የሽግግር ጥንድና የቁጥሩን መዝገብ ይያዙ፣ ከሁሉ የባሰውን ቅጂ ያሰሙ፣ ከዚያ በፊታቸው ተጫውተው እጅዎን እንዲያዩት ይጠይቁ። በዚህ መንገድ የግማሽ ሰዓት ቆይታ ለብዙ ሳምንታት የሚሆን ሥራ ይሰጥዎታል።